የመምህር ቃልና የተማሪ አንደበት

አንደበቱ የሚተሳሰር ተማሪ ለማንበብ ሲነሣ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ መምህሩም ሰዓቱ እንዳያልፍበት «ተቀመጥ» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በማስተማር ልምምድ ጊዜው ይኸንኑ ማድረጉን አይክድም። ለመሆኑ የንግግር እክል ሕክምና የተባለው ሙያ እንዴት ተጀመረ? ለእኛስ ለመምህራን ምን ያስተምረናል? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1841 በበርሊን ዲፈንባኽ የተባለው ሐኪም ችግሩ ከምላስ ነው ብሎ የሚንተባተቡ ሰዎችን የምላስ ሥር በስለት ይቆርጥ ነበር። በ1861 ግን ፖል ብሮካ በፓሪስ የአእምሮ የፊት ክፍል ሲጎዳ ንግግር እንደሚጠፋ አስረዳ። የባለሙያዎቹ ማኅበር በአሜሪካ የተመሠረተው በ1925 ነው።

በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያጠና የነበረው ዌንደል ጆንሰን ራሱ የሚንተባተብ ሰው ነበር። በልጅነቱ አንድ መምህር ለወላጆቹ «ልጁ መንተባተብ ጀምሯል» ማለቱን፣ ችግሩም የጠናበት ከዚያ በኋላ መሆኑን ያምን ነበር። አሳቡን ለመፈተን በ1939 በእርሱ መሪነት በ22 ወላጅ አልባ ሕፃናት ላይ ሙከራ ተደረገ። አነጋገራቸው ደኅና ከነበረው መካከል ለአንዳንዶቹ «መንተባተብ ጀምራችኋል» ተባሉ። ሕፃናቱ ተሸማቀቁ፤ መናገርም ፈሩ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው።

የዛሬው ጥናት መንተባተብ በብዛት ከዘርና ከአእምሮ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን ስለሚያሳይ የጆንሰን አሳብ በሙሉ አልጸናም። ሆኖም የትልቅ ሰው ቃል የሕፃንን አፍ ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ይኸን ሙያ ለመያዝ የሚያስብ ተማሪ የሰውነትን አሠራር፣ ሥነ ልቡናንና የቋንቋን ድምፅ ማጥናት ይኖርበታል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ በእንግሊዝኛ ስለሌሉ በአማርኛ የሚያክም ሰው የገዛ ቋንቋውን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

መምህሩስ? ሐኪም እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ልጁን በእክሉ አይጥራው፤ የጀመረውን ቃል አይጨርስለት፤ የሚስቁትን ይገሥጽ፤ እንዴት እንደ ተናገረ ሳይሆን ምን እንደ ተናገረ ያድምጥ። ለዚህ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ከትምህርቱ ሰዓት የተቀነሰ ሳይሆን ራሱ ትምህርት ነው።