ገመናችን በፍላሽ ላይ

ፍላሽ ዲስክ የአውራ ጣት ያህል ናት፡፡ የምትይዘው ግን የአንድ ቤተሰብ ሣጥን ከሚይዘው ይበልጣል፡፡ የቤት ካርታ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የሕክምና ውጤት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ክርክር ሁሉም አንድ ላይ ይታጨቁባታል፡፡ ድሮ እንዲህ ያለ ሰነድ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍና ቁልፉ በእናት መቀነት ጫፍ ይቋጠር ነበር፡፡ ዛሬ ሣጥኑ ራሱ ከቤት ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ከሰው ኮምፒውተር ወደ ሰው ኮምፒውተር ይዞራል፡፡

የእኔ ሙያ ሕግ ነው፤ ኮምፒውተር አይደለም፡፡ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ «መብቴ ተነካ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሕግ ምክር የሚጠይቀው ፎቶው ወይም ሰነዱ ከእጁ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፡፡ በዚያ ሰዓት ሕግ ጥፋተኛውን ሊቀጣ ይችላል፤ የወጣን ገመና ግን ወደ ቤቱ አይመልስም፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፡፡ ከዚህ በታች የማቀርበው ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ማድረግ ስለምንችለው ነገር ነው፡፡

«ሰርዤዋለሁ» ሲባል

ፍላሽ ላይ ያለን ፋይል «ዴሊት» ስናደርግ የሚጠፋው ፋይሉ ሳይሆን አድራሻው ነው፡፡ አብዛኞቹ ፍላሾችና የስልክ ሜሞሪዎች የሚሠሩት ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በተባለ የፋይል አመዘጋገብ ነው፡፡ አመዘጋገቡ የመጽሐፍ ማውጫን ይመስላል፡፡ ፋይል ሲሰረዝ ማውጫው ላይ «ይህ ቦታ ነፃ ነው፤ ሌላ ሊጻፍበት ይችላል» የሚል ምልክት ይደረጋል እንጂ ገጹ አይቀደድም፡፡ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፎቶውም ጽሑፉም እዚያው ነው፡፡ በነፃ የሚገኙ የማስመለሻ ፕሮግራሞች ይህንኑ ፈልገው ያወጣሉ፡፡

«ፎርማት አድርጌዋለሁ» የሚለውም ያው ነው፡፡ ዊንዶውስ ላይ ሳይነካ የምንተወው «ኩዊክ ፎርማት» ማውጫውን ያድሳል እንጂ ገጾቹን አያጸዳም፡፡ ምልክቱን አንስተው ሙሉ ፎርማት ካደረጉ ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያሉት ፍላሹን በሙሉ በዜሮ ይሞሉታል፡፡ ጊዜ ይወስዳል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን ይበቃል፡፡

ይሁንና ፍላሽ አንድ የተለየ ጠባይ አላት፡፡ አንዱ ክፍሏ ቶሎ እንዳያልቅ ውስጧ ያለው መቆጣጠሪያ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል፡፡ በላዩ ጻፍኩበት ያሉት ፋይል በሌላ ጥግ ቅሪቱ ሊኖር ይችላል፡፡ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ለተራ ሀርድ ዲስክ የተሠሩት አንድን ፋይል ለይቶ የመደምሰሻ ዘዴዎች በፍላሽ ሜሞሪ ላይ እንደማይሠሩ አሳይተዋል፡፡ ትምህርቱ ግልጽ ነው፡፡ ምስጢርን ሳይቆልፉ ጽፎ በኋላ ለመደምሰስ ከመታገል፣ መጀመሪያውኑ ቆልፎ መጻፍ ይሻላል፡፡

ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮች

ፋይሉን «ሂድን» ማድረግ ቁልፍ አይደለም፤ መጋረጃ ነው፡፡ የሾርትከት ቫይረስ ያሠቃየው ሰው ይህን ያውቃል፡፡ ቫይረሱ ፋይሎቻችንን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት ሲያስቀምጥ፣ ሠፈር ያለው ልጅ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ያወጣቸው የለም? የደበቅነውንም እንዲሁ ያወጣዋል፡፡ በኤስዲ ካርድ ጎን ያለችው ትንሽ መቀያየሪያም እንዳይጻፍበት ነው የምትከለክለው፤ እንዳይነበብ አትከለክልም፡፡ ስልክዎ በቁጥር ቢቆለፍም፣ ውስጡ ያለው ሜሞሪ ካልተመሰጠረ በቀር ወጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ይነበባል፡፡

የይለፍ ቃል መኖሩ ብቻም አይበቃም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ የግብርና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ የያዙ ሁለት ሲዲዎች በመልዕክተኛ ልኮ ጠፉበት፡፡ ሲዲዎቹ የይለፍ ቃል ነበራቸው፤ መረጃው ግን አልተመሰጠረም ነበር፡፡ በር ላይ ዘበኛ አቁሞ ግድግዳውን ክፍት እንደመተው ነው፡፡

እውነተኛው ቁልፍ

ባለሙያዎቹ ኢንክሪፕሽን ይሉታል፤ በአማርኛችን ምስጠራ ነው፡፡ ምስጠራ ፋይሉን አይደብቅም፤ ያለ ቁልፉ ትርጉም ወደሌለው ዝብርቅርቅ ይለውጠዋል፡፡ ፍላሹን ያገኘው ሰው የሚያገኘው ያንን ዝብርቅርቅ ነው፡፡

ልዩነቱን ሁለት የጠፉ ፍላሾች ያሳዩናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ የጣለውን ፍላሽ አንድ መንገደኛ አገኘ፡፡ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከፈተው፤ ከዚያ ለጋዜጣ ሰጠው፡፡ ፍላሹ የይለፍ ቃልም ምስጠራም አልነበረውም፡፡ የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር በ2018 አውሮፕላን ማረፊያውን 120 ሺሕ ፓውንድ ቀጣው፡፡ በጃፓን አማጋሳኪ ከተማ ደግሞ በሰኔ 2022 የአንድ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኛ አምሽቶ ሲጠጣ ቆይቶ መንገድ ላይ ተኛ፡፡ ሲነቃ የ460 ሺሕ ነዋሪዎች መረጃ ያለበት ፍላሽ ከነቦርሳው የለም፡፡ ከተማው ተደናገጠ፤ ባለሥልጣናት ይቅርታ ጠየቁ፡፡ ፍላሹ ግን የተመሰጠረ ነበር፤ ከነቦርሳውም ተገኘ፡፡ የመጀመሪያው ሰው የሠራው ስህተት ከሁለተኛው የሚያንስ ይመስላል፡፡ ገመናው የወጣው ግን የመጀመሪያው ነው፡፡

ምስጠራ ዛሬ የሀብታም ዕቃ አይደለም፡፡ ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ፍላሹን ሰክቶ በቀኝ ክሊክ «ተርን ኦን ቢትሎከር» የሚለውን ይምረጥ፡፡ የሆም ዊንዶውስ በቢትሎከር የተቆለፈን ፍላሽ ይከፍታል እንጂ አዲስ አይቆልፍም፡፡ እንዲህ ከሆነ ቬራክሪፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፡፡ ጥቂት ሰነድ ብቻ ያለው ሰው በሰቨን ዚፕ በይለፍ ቃል ያሽገው፤ የፋይል ስሞቹንም እንዲመሰጥር ማዘዝ አይርሳ፡፡ «የፍቺ አቤቱታ» የሚል ስም ብቻውን ብዙ ይናገራልና፡፡

ይህ ቁልፍ ርኅራኄ የለውም፡፡ የይለፍ ቃሉን የረሳ ባለቤትም እንደ ሌባው ውጭ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ቢትሎከር የሚሰጠውን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ጽፈው ከሌሎች ሰነዶች ጋር ቤት ያስቀምጡ፤ ከፍላሹ ጋር ግን አይያዙት፡፡ የይለፍ ቃሉም የትውልድ ዓመት ወይም የስልክ ቁጥር አይሁን፡፡ እርስ በርስ የማይገናኙ አምስትና ስድስት ቃላት ተደርድረው ከአንድ አጭር ቃል ይሻላሉ፡፡ የፋይሎቹ ሁለተኛ ቅጂም ሌላ ቦታ ይኑር፤ ፍላሽ ሳያስጠነቅቅ ትሞታለች፡፡

ፎቶ ኮፒ ቤት

ፍላሽ ከኪሳችን ወድቃ ከምትጠፋው ይልቅ በገዛ እጃችን የምንሰጠው ይበዛል፡፡ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተራ ስጠብቅ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፡፡ ባለጉዳዩ ፍላሹን ያቀብላል፤ ልጅቷ ትሰካለች፤ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ገልብጣ ፕሪንት ታደርጋለች፤ ፍላሹን ትመልሳለች፡፡ የተገለበጠው ግን እዚያው ይቀራል፡፡ ስክሪኑ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች አቤቱታ፣ ሲቪና የኪራይ ውል ተደርድሮ ይታያል፡፡ ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ሥራ ማቅለሏ ነው፡፡ ከእሷ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ማን እንደሆነ አናውቅም፡፡

እዚህ ላይ ምስጠራም ብቻውን አያድንም፡፡ በሰው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል ጽፎ ሣጥኑን የከፈተ ሰው፣ ሣጥኑንም ቁልፉንም አሳይቷል፡፡ መፍትሔው ሁለት ፍላሽ መያዝ ነው፤ አንዱ ለአደባባይ፣ አንዱ ለጓዳ፡፡ የአደባባዩ ላይ የዕለቱ የሚታተም ገጽ ብቻ ይኑር፤ እሱም በፒዲኤፍ ተቀይሮ፡፡ ፊደሉ ከነቅርጹ ስለሚሄድ የግዕዝ ጽሑፍዎ በሰው ኮምፒውተር ላይ አይበታተንም፤ ማንም ሳያስበው ነክቶ አያበላሸውም፡፡ ሲጨርሱ «እባክሽ እህቴ፣ የኔን ከዴስክቶፑ አጥፊልኝ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጊው» ማለት ነውር የለበትም፡፡ የጓዳው ፍላሽ ከራስዎ ኮምፒውተር በቀር የትም አይሰካ፡፡

ሕጉስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያረጋግጣል፡፡ ያለ ሕግ ንብረትን መበርበርን ይከለክላል፤ በግል የሚጻፉ ነገሮችም አይደፈሩም ይላል፡፡ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ የኮምፒውተር ዳታ ያገኘን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ከ30 ሺሕ እስከ 50 ሺሕ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል፡፡ «ከተሰጠው ፈቃድ በላይ» የሚለው ሐረግ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነው፡፡ በእኔ አስተያየት «ሁለት ገጽ አትምልኝ» ብሎ ፍላሽ መስጠት፣ ፎቶዎቼን ገልብጥ የሚል ፈቃድ አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው መረጃ በሚሰበስቡ ተቋማት ላይ የጥበቃ ግዴታ ጥሏል፡፡ የደንበኞችን ፋይል በፍላሽ ይዞ ወደ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ይህን ያስብበት፡፡

ሕጉ እንግዲህ አለ፡፡ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፡፡ ፍላሽ ማን እንደከፈታትና ምን እንደገለበጠ የምትጽፍበት መዝገብ የላትም፡፡ ፎቶው አደባባይ ሲወጣ ተበዳይዋ ፍላሹን በሰጠችባቸው ቦታዎች ሁሉ ተጠርጣሪ ታያለች፤ ከሳሽ ሆና የምታቀርበው ግን ምን አላት? ለዚህ ነው ምስጠራን ከክስ በፊት የማስቀድመው፡፡

ሲሸጥና ሲጣል

ስልክ ሲሸጡ ወይም ለጥገና ሲሰጡ ሜሞሪውን አውጥተው ያስቀሩ፡፡ ፍላሽ ለሰው ሲሰጡ ሙሉ ፎርማት ያድርጉ፤ ከባድ ምስጢር የነበረባትን ግን ጨርሶ አይስጡ፡፡ የተበላሸች ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ አልነበብ ብትልም ውስጧ ያለው ቺፕ ደህና ሊሆን ይችላል፡፡ ስለዚህ ከመጣልዎ በፊት ሽፋኗን ከፍተው ጥቁሯን ቺፕ በመዶሻ ይስበሯት፡፡

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፡፡ በቤትዎ ያሉትን ፍላሾች ሰብስበው ምን ምን እንደያዙ ይዩ፡፡ የጓዳውን ከአደባባዩ ይለዩ፤ የጓዳውን ይቆልፉ፡፡ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፡፡