የጎተራን ሙቀት በስክሪን ለማንበብ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዝ ማርያም ገጠር በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሞቃል፤ ይሻግታል። ሙቀቱን አስቀድሞ ለማወቅ፣ በ2004 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውን ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይን እጠቀማለሁ። መግቢያዎቹ የሚቀበሉት ዲጂታል ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ዲኤስ18ቢ20 የተሰኘውን ዲጂታል የሙቀት መለኪያ (ሴንሰር) እመርጣለሁ።

አንዱን ሽቦ ከ3.3 ቮልት፣ ሌላውን ከግራውንድ፣ የመረጃውን ከጂፒአይኦ 4 አያይዛለሁ፤ በመረጃውና በ3.3 ቮልቱ ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባለሁ። ንባቡ በሺህ ተባዝቶ ይመጣል፤ 31250 ማለት 31.25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ስክሪኑ በድንገት 85 ቢል ግን እህሉ ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ የሚይዘው ቁጥር ነው። ደግሜ አነባለሁ። ጎተራ ከማስገባቴ በፊትም ውኃ የማያስገባውን ዓይነት በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነክሬ፣ ወደ 0 መጠጋቱን አረጋግጣለሁ።