የኢንፍራሬድ እንቅስቃሴ ጠቋሚ ለእሳትና ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ

የኢንፍራሬድ እንቅስቃሴ ጠቋሚ፣ በተለምዶ «ሴንሰር» የሚባለው፣ ሰው ወይም ሌላ ሞቃት አካል በፊቱ ሲያልፍ የጨረሩን ለውጥ ተቀብሎ መብራት የሚያበራ ወይም ደወል የሚያስጮህ መሣሪያ ነው። ከራሱ ጨረር አያወጣም። እሳትም ኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚያመነጭ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ መሣሪያው የሚለየው ግን ለውጥን እንጂ የሙቀትን መጠን ስላልሆነ ለእሳት ጥበቃ አይታመንበትም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ቡኢንና አካባቢዋን በመሳሰሉ፣ ምድጃ ከቤት በማይጠፋባቸው ስፍራዎች ይህን ልዩነት ማወቅ ሕይወትና ንብረት ያድናል።

አሠራር

የመሣሪያው ዋና ክፍል፣ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ ፓይሮኤሌክትሪክ ክሪስታል ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁራጮች በተቃራኒ ይያያዛሉ። ክፍሉ በሙሉ እኩል ሲሞቅ የአንዱ ምልክት የሌላውን ያጠፋል፤ ሰው ከጎን ወደ ጎን ሲያልፍ ግን ጨረሩ በየተራ ስለሚመታቸው ምልክቱ ጎልቶ ይወጣል። ከፊት ያለው ነጣ ያለ ፕላስቲክ ፍሬኔል ሌንስ ይባላል፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ጨረር ክሪስታሉ ላይ ያሳርፋል። የሰው ቆዳ ጨረር የሚያይለው 9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ የክሪስታሉ ማጣሪያ በተለምዶ ከ5 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ሞገድ ያሳልፋል።

ነበልባልና ፍም

1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የጋለ አካል ጨረሩ የሚያይለው 2.3 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከማጣሪያው ክልል ውጭ ነው። ሆኖም የጋለ አካል በሁሉም ሞገድ ላይ ከቀዝቃዛው የበለጠ ስለሚያበራ፣ ለጠቋሚው የሚደርሰው ጨረር ጥቂት አይደለም። ነበልባል ደግሞ አይረጋም፤ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው እሳት በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ፍጥነት የሰው እርምጃ ከሚፈጥረው ለውጥ ጋር ስለሚቀራረብ ጠቋሚው እሳቱን እንደ መንገደኛ ይቆጥረዋል። ነበልባሉ ወርዶ ፍም ብቻ ሲቀር ጨረሩ ይረጋል፣ ምልክቱም ይጠፋል። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚጨስ ፍራሽ ወይም ውስጥ ውስጡን የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አደጋው እየከፋ ሳለ ጠቋሚውን ላይነካው ይችላል።

የአካባቢ ሙቀት

የክፍሉ ሙቀት ወደ ቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ወደ 33 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሰውን ከጀርባው ካለው ግድግዳ መለየት ያስቸግራል። በቀትር ፀሐይ የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህ ይከሰታል። በሌላ በኩል ቀጥታ የፀሐይ ብርሃን ወይም ከምድጃ የሚነሳ ሞቃት አየር ሌባ ሳይኖር ደወል ሊያስጮህ ይችላል። ተራ የመስኮት መስታወት ረጃጅሙን ሞገድ ስለሚከለክል፣ ከመስታወት ጀርባ የተነሳ እሳት በአብዛኛው አይታየውም።

በጉራጌ ቤት ውስጥ

ቡኢ በምትገኝበት በጉራጌ አካባቢ፣ በባህላዊው ክብ የሣር ቤት ምድጃው ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከብቱም በአንድ ወገን ያድራል። በዚህ ቤት ጠቋሚ ቢተከል የሚንቀለቀለውም እሳት፣ የሚነሳ የሚተኛውም ከብት ይቀሰቅሱታል፤ የጣሪያውን ሣር የነካ ብልጭታ ግን ጠቋሚው ወደዚያ ካልዞረ አይታየውም። የሚሻለው ቦታ የግቢ በር ወይም የሱቅ መግቢያ ነው፤ ሰው በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ፣ ምድጃና ፀሐይም እንዳያዩት ሆኖ ይተከላል።

የእሳት ጠቋሚዎች

ለእሳት የተሠሩ መሣሪያዎች ሌላ ምልክት ይከታተላሉ። የነበልባል ጠቋሚ የጋለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚያበራበት 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ያተኩራል፤ ከመንቀልቀሉ ጋር አመሳክሮም ይወስናል። የጭስ ጠቋሚ ለመኝታ ቤት ይስማማል። ማገዶ በየዕለቱ በሚጨስበት ማድቤት ግን በከንቱ ስለሚጮህ፣ እዚያ የሚመረጠው በተወሰነ ደረጃ፣ ለምሳሌ በ57 ዲግሪ፣ የሚነቃ የሙቀት ጠቋሚ ነው። የእንቅስቃሴ ጠቋሚ ያለው ቤት ከእነዚህ አንዱን ጨምሮ ሊኖረው ይገባል።