የነጠላ ካሜራ ርቀት ግመታ

በኮምፒውተር እይታ ዘርፍ «ሞኖኪዩላር ዲስታንስ ኢስቲሜሽን» የሚባለው ቃል እዚህ «የነጠላ ካሜራ ርቀት ግመታ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ በመኪና የፊት መስታወት ላይ የተገጠመ አንድ ካሜራ ካነሳው ምስል ተነስቶ፣ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ስንት ሜትር እንደሚርቅ የማስላት ዘዴ ነው። «ልኬት» ሳይሆን «ግመታ» የተባለው ራዳር የላከው ሞገድ፣ ላይዳር ደግሞ የላከው የሌዘር ጨረር ነጥሮ ሲመለስ የወሰደውን ጊዜ ለክተው ርቀት ሲያወጡ፣ ካሜራ ግን ብርሃን ከመቀበል በቀር የሚልከው ነገር ስለሌለው ርቀቱ ከሌላ ዕውቀት ጋር ተዛምዶ መሰላት ስላለበት ነው።

የመጀመሪያው ዕውቀት የተሽከርካሪው ስፋት ነው። በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ መሠረት እውነተኛው ስፋት በትኩረት ርዝመት፣ ማለትም የሌንሱን የማጉላት ዐቅም በፒክስል (በምስል ነጥብ) በሚገልጸው ቁጥር፣ ተባዝቶ በምስሉ ላይ ለሚታየው ስፋት ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። የትኩረት ርዝመቱ 1000 ፒክስል የሆነ ካሜራ በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ ከፊቱ ያለውን 1.7 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሚኒባስ ታክሲ በ85 ፒክስል ስፋት ካየው፣ ሚኒባሱ 20 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ይሁን እንጂ 85 ፒክስል የሞላው 1.3 ሜትር የሚሰፋ ባጃጅ ቢሆን ርቀቱ ወደ 15 ሜትር ይወርዳል፤ 2.5 ሜትር የሚሰፋ ሲኖትራክ ከሆነ ደግሞ 29 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ርቀት ከማስላቱ በፊት ያየው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ጭነቱ ከጎንና ጎኑ ተርፎ የወጣ አይሱዙ ሲገጥመው ግን ስሙን በትክክል ቢለይም ስሌቱ ይሳሳታል።

ይህን ችግር ለማለፍ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእስራኤሉ ኩባንያ የሞቢልአይ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጎማው አስፋልቱን የሚነካበትን ነጥብ ተጠቅመዋል። መንገዱ ሜዳ ከሆነ ያ ነጥብ በምስሉ ላይ ከአድማስ መስመር የሚወርድበት መጠን ርቀቱን ይናገራል፤ በ1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ለተሰቀለው ያው ካሜራ 60 ፒክስል መውረድ 20 ሜትር ነው። ዘዴው የሚፈተነው ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅባቸው እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ባሉ አካባቢዎች ብቻ አይደለም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ የመኪናው ፊት አንድ ዲግሪ ወደ ታች ቢደፋ ምስሉ በ17 ፒክስል ገደማ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ካላረመ 60 የነበረው 43 ሆኖ፣ 20 ሜትር የነበረው ወደ 28 ሜትር ይነበባል። ጉዳዩን አስጊ የሚያደርገው ስህተቱ ከፊት ያለውን መኪና አርቆ የሚያሳየው ልክ መቅረቡ በሚያሰጋበት ቅጽበት መሆኑ ነው። በክረምት ጎርፍ ጎማውን ሲሸፍነው ደግሞ ነጥቡ ራሱ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ኒውራል ኔትወርኮች ቀመሩን ከብዙ ምስሎች ራሳቸው ይማራሉ፤ የሚማሩት ግን የታያቸውን ያህል ነው። በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማና አካባቢዋ ተቀርጾ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኪቲ የተባለው ዕውቅ የምስልና የላይዳር ስብስብ ለትራምና ለብስክሌተኛ መደብ ሲያበጅ ለባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የተለየ መደብ የለውም፤ የሕንድ መንገዶችን የሚያሳየው የምስል ስብስብ ግን አለው። በዚህ በኩል ኮልፌ ከካርልስሩኸ ይልቅ ለሕንዷ ሃይደራባድ ይቀርባል።

የትራፊክ ፖሊስ «ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» የሚለውን ጥፋት ለመከላከል ግን ሜትሩን ማወቅ የግድ ላይሆን ይችላል። ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ምስል የሚያድግበት ፍጥነት ብቻውን እስከ ግጭት የቀረውን ጊዜ ይሰጣል፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ምስሉ ከ85 ወደ 90 ፒክስል የሰፋ ተሽከርካሪ፣ የመቀራረቡ ፍጥነት ካልተለወጠ፣ 8.5 ሰከንድ ቀርቶታል። ስሌቱ የተሽከርካሪውን እውነተኛ ስፋት ስለማይጠይቅ ባጃጁ ሚኒባስ ተብሎ ቢሳሳት እንኳ መልሱ ያው ነው።