የቆቃ ግድብና የአዋሽ ግጦሽ

በአዋሽ ወንዝ ላይ የታነጸው የቆቃ ግድብ የተመረቀው በ1952 ዓ. ም. ነው። ወጪውም የተሸፈነው ኢጣልያ ስለ ወረራው ከከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። ጥቅሙን መቍጠር አያዳግትም። ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ፋብሪካዎች 43 ሺህ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ አስገኘ፤ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ በመልቀቁም በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ በተንዳሆ ጥጥ እንዲለማ ረዳ። በ1954 ዓ. ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው ይህን የመሰለውን ልማት እንዲመራ ነው።

ጉዳቱ ግን በመሐንዲስ መዝገብ የሚገባ አልነበረም። ከወንዙ በታች ለሚኖረው ከብት አርቢ አፋር የአዋሽ ሙላት ሲሳይ እንጂ ጥፋት አይደለም። ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሲመለስ የሚተወው ርጥበት ሣር ያበቅላል፤ መንጋውም ከደረቀው ሜዳ ወደዚያ ወርዶ በጋውን ያልፋል። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች የያዙት ይህንኑ ዳርቻ ነበር። ከሸለቆው ስፋት ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የበጋው መጠጊያ ሲታረስ የቀረው ሰፊ ሜዳ ለዝናብ ወራት ብቻ የሚበጅ ሆነ። እርግጥ ነው፥ በአውሳ ሱልጣን አሊ ሚራሕና ተከታዮቻቸው ራሳቸው ጥጥ በማልማት ተጠቅመዋል። ለተራው አርቢ ግን የ1965 ዓ. ም. ድርቅ ሲደርስ ከብቱን የሚያወርድበት ስፍራ ጠበበው፤ በረኃቡም ብዙ መንጋና ብዙ ሰው አለቀ።