ቡላው ቀደም ብሎ ቢመጣስ?

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቅቤ የጠጣ የቡላ ገንፎ ይቀርባል። ቅቤው ከየት መጣ ቢሉ፣ አንዳንዴ ከሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ ነው። ማንም ድርጅት ሳይመጣ የነበረ ድጋፍ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ችግሩ፣ ቅቤው የሚደርሰው ከወለዱ በኋላ ነው! ነፍሰ ጡሯ እንሰት ስትፍቅ፣ ውሃ ስትቀዳ ትከርማለች። ቆጮ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ አይብ ያላገኘች ምኑን በላችው?

እርዳታውም ቢሆን እናትየዋን ቶሎ አላያትም። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሀዲያ ባዳዋቾ ክፉኛ የከሱ ሕፃናት ማዕከል ሳይተኙ፣ እቤታቸው ሆነው ታከሙ፤ ብዙዎቹም ዳኑ። ዘዴው ኋላ ዓለምን አዳረሰ። ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚጀምረው ልጁ ከከሳ በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የመጣው ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡሯን ከአካፋና ከዶማ የገላገላት ከስድስተኛ ወሯ በኋላ ነበር። በኋላ ወደ አራተኛው ወር ዝቅ አለ፤ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ሳትሠራ ድርሻዋን እንድትወስድም ተፈቀደ። ጎሽ! ሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ያልሰፈረችውስ? እርጉዝ መሆኗን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት የዕቁቡ እናቶች ናቸው። ተራዋን ሁለት ሦስት ወር ቢያስቀድሙላት ምን ይላቸዋል?