የሊቲየም ማስነሻ ባትሪ (የጀልባ ሞተር)

ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር ሞተሪኖ የሚያዞር፣ እርሳስና አሲድ የሌለበት ባትሪ። ለዚህ ሥራ የተለመደው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ዓይነት ሲሆን፣ 3.2 ቮልት የሆኑ 4 ሴሎች ተያይዘው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ።

ጣና ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ ከደንገል ታንኳ ጎን ለዓሣ ሥራ የተሰማራው በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ የልማት ፕሮግራም ነው።

የሊቲየም ባትሪው ክብደት የእርሳስ ባትሪውን ግማሽ አይደርስም። ፈተናው ያለው አሞላሉ ላይ ነው። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ቮልቴጅ ወይም ሙቀት ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ይህ ቢደርስ፣ ከዲናሞው የሚወጣው ኃይል መድረሻ ያጣል፤ ቮልቴጁም በድንገት ዘልሎ ሬክቲፋየሩንና የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሬጉሌተር የሌላቸው አሮጌ ሞተሮች በተለይ ያሰጋሉ። ለሶላር የተሠራ ሊቲየምም ሞተሪኖው በቅጽበት የሚስበውን ከፍተኛ አምፔር ስለማይችል ምትክ አይሆንም፤ መልኩ መመሳሰሉ ገዢን ያሳስታል። ከ0 ዲግሪ በታች መሙላት ሴሎቹን ይጎዳል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ጣና ግን ይህ ሥጋት የለበትም።

ከግዢ በፊት የሞተሩ አምራች ሊቲየም መፍቀዱን ከመመሪያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በገመድ ተስቦ ለሚነሣ ትንሽ ሞተር ባትሪው ከነጭራሹ ትርፍ ወጪ ነው።